የልጣጭ ዘብ

ኅዳር ነው ጎይቻይ፤ ከፋብሪካው ጓሮ
የሮማን ልጣጭ አለ፣ እንደ ጉድፍ ታጉሮ።
ጭማቂው በጠርሙስ ባቡር ተሳፍሯል፤
ላሟም አሽታ ሄደች፣ ልጣጩ ግን ቀርቷል።

ኻቲራ በጆንያ ልትወስድ ስትመጣ
ሚርዛጋ ዘበኛው ሳቁን ይዞ ወጣ፤
«ለጥራጊ ሚዛን የለንም፤ እለፊ!»

አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ፣
ከስታርች አዋሕዳ መስታወት ላይ አንጥፋ፣
እንደ ሽንኩርት ገለፈት ስሱን ልጣ አንሥታ
አይብ ጠቀለለች።
        በአሥራ ሁለተኛው ቀን
በተራው ፕላስቲክ ያለው ጺም አበቀለ፤
የሷው ግን
        እንዳለ አለ።

ሚርዛጋ ቀመሰ።
«ትንሽ ይመራል» አላት።
«ፍሬውን ከትል የጠበቀው ይኸው ምሬት ነው።»

ዝም አለ፣
ሠላሳ ክረምት በር ላይ የቆመው ሰው፤
እያላመጠ፣ በሩን እያየ፣
ቆይቶ፦
«እስቲ ሌላ ቁረሽልኝ።»