ኖላ

ቱሉ ዲምቱ መቆሚያው ላይ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ጅቡ ሲመለስ ወደ ቤት፣
እኔና ዳምጠው በሰልፉ ቋንቋ ስንፈጥር ከረምን፤
በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አርባ ሰባት ቃል ለቀምን።
«አንተ» የለው፣ «አንቺ» የለው፣ አንቱታ ብሎ ነገር የለው፤
ሁሉን ተስማምተን ጨርሰን ያጣላን ሰላምታው ነው።

«ኖላ» ናት ቃሏ። ዳምጠው «ጥያቄ ናት» ብሎ ደረቀ፤
«የተጠየቀ እውነት ይመልስ! ቤቱ ሲያፈስ ያደረ ሁሉ
‹ይመስገን› እያለ አለቀ!»
«ማንኳኳት ናት» አልኩት እኔ፤ «ከፋችም ያው ‹አቤት› ይላል፤
በር ላይ ለቆመ እንግዳ የጓዳ ዕቃ መች ይቆጠራል?»
ስንከራከር ክረምት ወጣ። ሶፍት የምትሸጠው ዘነበች
«የየት አገር ሰው ናችሁ?» ብላ አንድ ቀን ጠየቀች።

ከዚያ ሦስት ቀን ጠፋ።
በአራተኛው፣ ጢሙ አድጎ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ።
«ኖላ?» አልኩት።

ደብተሩን ከእጄ ወሰደ፤ ጣቱ በየቃሉ ወረደ።
ዝናብ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ሦስት ዓይነት ጭቃ አለ፤
እናት አለች።
ሞት የለም። ረስተነው ይሁን ፈርተነው እንጃ።
ገጹን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ደህና ነኝ» አለኝ ባማርኛ፤
«እግዜር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና» አልኩት።
ሕጉን አላነሳሁበትም።
ሃይገሩ መጣ፤ ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ
«ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለን፤

ተጠጋን።