የጳጉሜ ኪራይ

እንጅባራ ማዶ፣ ከዘንገና በላይ፣
ቀርከሃ ግድግዳ፣ ጉም ሲገፈፍ ሚታይ።
«ወሩን በስንት?» አልኳት፤ «በሦስት ሺህ» አለችኝ፤
አንጓች ሳቋን ውጣ ቁልፏን አስያዘችኝ።
ወሩ ጳጉሜ ኖሯል፣ አምስት ቀን ነው መላው፤
እኔ ባንክ ቤት ውስጥ ሒሳብ የምሠራው!

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ገብስ ሲቆላ ያድራል፤
በተገላበጥኩ ቁጥር አልጋው ይናገራል።
ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤
አንድ መስመር አግኝቼ በዝናብ አጣሁ።
በሩፋኤል ዕለት «ጠበል ነው» እያሉ
ልጆቹ በዝናብ ራቁት ሲዘልሉ፣
እኔም ተከተልኩ ቦርጬን አስቀድሜ፣
ከነመነጽሬ፣ ከነሙሉ ዕድሜ።
አንጓች ብቻ ሳቀች፣ ከበረቱ ደጃፍ።

አምስቱ አለቀና ሻንጣዬን ስሸክፍ፣
«ዘንድሮ ስድስት ናት፤ ተቀመጥ፣ አረፍ
በል፤ ያከራየሁት ወር ነው፤ አላጎድልም፤
ስድስተኛው ምርቃት፤ ሒሳብ አይገባም።»

ማታ «ቤቶች!» አለ ድምፅ፣ ከራቴ ሳልነሣ፤
«ይግቡ!» አልኩ፤ አንጓች ናት፣ ከእግር እስከ ራስ በስብሳ፣
የገዛ ደጃፏን በእንግዳ ወግ ረግጣ፤
«ከሳጥኑ» አለችኝ፣ «ደረቅ ኩታ ላውጣ።»
የት እንደምታድር ያኔ ጠየቅኳት፤
በአገጯ ጠቆመች የጥጆቹን በረት።
«እዚሁ ተኚ» ብላት «ኪራይ ቤት ነው» አለች፤
በገዛ በሯ ላይ «ደህና እደር» ብላኝ ወጣች።

ሦስት ሺህ ለስድስት፣ አምስት መቶ ደረሰ፤
ሒሳቡ ልክ ነበር፤ እንቅልፌ ግን ፈረሰ።
ያን ሌሊት ሳልገላበጥ አልጋው ተናገረ፤
ቁልፉ ትራሴ ሥር ሲቆረቁረኝ አደረ።