ሰባት ትኬት ለሰኞ

ሊታል ስልኳን ይዛ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣
«ሳባ፣ ስንት ነን?» አለች፣ «ቦታው ሊያልቅ ነው፣ አታይም ወይ?»

ሳባ አያት ማለት ነው በዚህ አገር አፍ፤
እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ይታየኛል የግመል ሰልፍ፣
ትታየኛለች ያቺ ንግሥት ከንጉሥ ደጃፍ፣
ማንም «ትኬትሽ?» ሳይላት፣ ማንም ቀን ሳይቆርጥላት፣
እንቆቅልሿን አንግታ ሰተት ብላ ስትገባ በራሷ ሰዓት።

እኛ ሰባት ነን። ቂሳርያ ወርደን የሄሮድስን ቤት ለማየት
መጀመሪያ መሰፈር አለብን፣ እንደ ገበያ እህል፣ በየዓይነት፦
አዋቂ፣ ሕፃን፣ ተማሪ፣ ወታደር፣ ጡረተኛ።
«አንተ ዋጋህ ግማሽ ነው» አለች ልጄ ማስተዋል፤
ከሰባቱ መሀል እኔ ብቻ ግማሽ ሆንኩኛ!

የልደት ቀን ጠየቀ። ጃንዋሪ አንድ።
የወንድሜም ያው ነው፣ የጎረቤቴ የፈረደም፤
መዝጋቢው ደክሞት ነበር ያን ለት፣ እኛም ቀናችንን አናውቅም፤
ሁላችንን በአንድ ብዕር በአንድ ጧት ወለደን፣ አላማጠም።

ከዚያ ቀን ፍለጋ። ማክሰኞ ሊታል ፈተና አላት፤
ረቡዕ ማስተዋል ሐደራ ሆስፒታል አዳሪ ናት፤
ኤልዳድ ሐሙስን ከአለቃው ቢለምን ማን ሰምቶት፤
ዓርብ በጊዜ ይዘጋል። ቅዳሜ አይነሣ፣ ሰንበት ናት፤
እሑድ አማቼ አውቶቡሱን ለማን ይተውት?
ሰኞ ብቻ ቀረች፣ ማንም የማይወዳት።

«በዐሥር ሰዓት» አለች ሊታል።
«በዐሥር? ጀምበር ልትጠልቅ ስትል? ምን ይታየናል?»
እስኪያነቡ ሳቁብኝ። የነሱ ዐሥር የኔ አራት ነው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስድስት እቀንሳለሁ፣ አሁንም ያመልጠኛል።

ስልኩ ሁሉን ጠየቀ፤ የካርዱን ቁጥር፣ የጀርባውን ሦስት አኃዝ፣
መኪና እንደሆነ ታርጋውን፣ ውሻም ካለን ከኛ ጋር የሚጓዝ፤
አንዲት ነገር ብቻ አልጠየቀም፦
«ከዚህ በፊት ገብተህ ታውቃለህ?»

ገብቻለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በኋላ በር፣
ከኦር አቂቫ በእግሬ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከመጥረጊያዬ ጋር።
ዐውቃለሁ የወለሉን ጥለት፣ የትኛው ጠጠር እንደሚነቃነቅ፣
ዝናብ ሲጥል ውሃው የት እንደሚያቁር፣ በስንት ቀን እንደሚደርቅ፣
ከዓለት በተፈለፈለው ገንዳ ባሕሩ ሌሊት የሚተፋውን፦
ነጠላ ጫማ፣ የውሃ ላስቲክ፣ አንድ ቀን የሕፃን ጋሪ ጎማ፣ ሁሉን።
ንጉሡ የት ይበላ፣ የት ይተኛ እንደነበር ግን አልሰማሁም፤
አስጎብኚው አፉን ሲከፍት የኔ ፈረቃ አልቋል፣ አንገናኝም።

ትኬትም ዐውቃለሁ፣ ከመሬት። የተረገጠ፣ የተቀደደ፣
በአይስክሬም የራሰ፣ ነፋስ ወስዶት አጥር ሥር የሄደ፤
በብረት ጫፍ እየወጋሁ ከረጢት ስሞላ፣
አንድም በስሜ የተቆረጠ ሳይኖር ስንቱ ቀን ነጎደ።

ሰኞ፣ አራት ሰዓት። ዘበኛው ቫለሪ ከሩቅ ለየኝ፤
«አዛነው! ሰልፍ ምን ያደርግልሃል? በዚያ በኩል እለፍ!» አለኝ።
ደግ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። ስልኩን ዘረጋሁለት፦
«አይ ቫለሪ፣ ዛሬስ ከሰው ጋር ቁጠረኝ፣ ይኸው ትኬት።»
ቀይዋ መብራት ዳበሰችን፣ ሰባት ጊዜ ጢጥ አለች፤
የኔዋ፣ የግማሽ ዋጋዋ፣ ከሁሉም የጮኸች መሰለች።

«የግብር አዳራሹ» ይላል አስጎብኚው፣ «እዚህ ጋ ነበር»፤
እኔ በጫማዬ አፍንጫ እፈልጋለሁ ያቺን የማውቃትን ጠጠር፤
አለች፤ አሁንም ትነቃነቃለች፤ ለማንም አልተናገርኩባት።

ከዓምዱ ግርጌ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አየሁ፤ ወገቤ ሳላዘው ጎነበሰ።
«ሳባ፣ ዛሬ እንግዳ ነህ!» እጅጌዬን ያዘችኝ ሊታል፤ እጄም አፍሮ ተመለሰ።

ምን ያደርጋል፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ በላኝ እንደ ቁንጫ።
«ባርኔጣዬን ረሳሁ» አልኳቸው፤
ተመለስኩ፣ ብቻዬን፣ በኋላ በር፣ በሩጫ።

ባርኔጣው ራሴ ላይ ነበር።