ቁልፍ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ታክሲው ይጥለኛል ከቁርጭምጭሚት ጭቃ።
ሊፍት ይገባበታል ተብሎ የቀረ ጉድጓድ አጠገብ
ደረጃ እቆጥራለሁ፤ ሃምሳ አራት ነው።
የጋሽ መርዕድ ቁልፍ በጥቁር ክር አንገቴ ላይ ነው።
ልጃቸው ማህደር ናት የሰጠችኝ፣ አዳማ የምትሠራው፤
«አደራ» አለች። የአደራን ክብደት
ጠዋት ጠዋት ደረቴ ላይ ሲቀዘቅዝ ነው የማውቀው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል፤
አሁን ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቶ
እንደ እንግዳ ሰው ይታዘባቸዋል።
«ውሃ» ሊሉ «ዋ» ይላሉ።
ስድብ ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል፤
ሐኪሙ ገርሞት ሲስቅ፣ ደገሙለት።

ገላቸውን ያጠብኩ የመጀመሪያው ቀን
ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔስ ዓይኔን የት ላድርገው?
እናቴን አጥቤ አውቃለሁ፤ የሰው አባት ግን ሌላ ነው።
ዝም ብንል ዝምታውም እርቃኑን ሊቆም ሆነና፣
«ጋሼ፣ መስመሩ ከየት ነበር የሚነሳው?» አልኩና
ሳሙናውን አነሳሁ።
ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነዱ፦
ሽሮ ሜዳ፣ ትከሻ፤
ስድስት ኪሎ፣ ብብት፤
አራት ኪሎ ብዙ ቆምን፤ ጀርባቸውን አጠብኩት።
ፒያሳ ጉልበት፣ ለገሃር እግር።
ስሙን የማንጠራውን ሰፈር
በፎጣ ሸፍነን አለፍን።

አጥሚቱን ወፈር አደርገዋለሁ፤ ከቀጠነ ትን ይላቸዋል።
ከአልጋ ወደ ወንበር ሳነሳቸው፣
እጄን ከብብታቸው ስር፣ ጉልበቴን ከጉልበታቸው፣
«ወራጅ አለ!» እላለሁ።
«ፌር…ማታ አይደለም!» ይሉኛል፤ ግማሽ ፊታቸው ይስቃል።
ግማሹ ይበቃል።

አከራዬ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብትለኝ
«ሰው ማልበስ» አልኳት።
«ልብስ ሰፊ ነሽ?»
አዎ ማለት ቀለለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣን ነበርኩ፦
ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ ቀበቶ፣ በአራት ደቂቃ።
በቅልጥፍናዬ ኮራሁ፤ እሳቸው ግን በየቀኑ
እንደ ሳሙና እያነሱ ሄዱ።
አንድ ጠዋት ግራ እጃቸው መጣችና
ጣቶቼን ከደረታቸው ላይ አንድ በአንድ ነቀለች።
«እ…ኔ።»

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መቀመጥ ሆነ።
እጅን ሰብስቦ እንደ መቀመጥ የከበደ ሥራ አላየሁም፤
እንዳይቸኩሉብኝ ጭኔ ስር እደብቃቸዋለሁ።
ቁልፉ ይሾልካል፤ ቀዳዳው ይሸሻል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤
ከታች ሲኖትራክ ጠጠር ይገለብጣል፤
እሳቸው ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣
ዳገት ላይ ማርሽ እንደሚለውጥ ሰው፣
አንድ።
…ሁለት።
አንዳንዱ ጠዋት በሁለት ያበቃል፤ ያን ቀን
ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው የቀረውን ለእኔ ይተዋሉ።

ጥቅምት በገባ በሰባተኛው ቀን
ስድስቱንም ቆለፉ።
በአንድ ቀዳዳ ተዛንፏል፤
የኮሌታው ግራ ከፍ፣ ቀኙ ዝቅ።
ጣቴ ተነሳች። መለስኳት።
ጎረቤታችን ለሊሴ በሩ ላይ አየቻቸውና
ዓይኗን ወደ እኔ ላከች፤ እኔም ዓይኔን ወደ ጣሪያው።
በረንዳው ላይ ወጡ፤ ሸሚዛቸው እንደተዛነፈ፣
የንጋቱን የመጀመሪያ አውቶቡስ ሊያስነሳ እንደተሰናዳ ሹፌር
ጭቃውን፣ ብሎኮቹን፣ የሩቁን የገብስ ማሳ ቃኙ።

ቀድሞ ስወጣ በሩን በላያቸው እቆልፍ ነበር።
አሁን ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በአንድ እጅ እየቀዘፉ
እስከ ደጃፉ ይሸኙኛል፤
ለሊሴም እራት ስታመጣ ማንኳኳት አለባት።
ውጭ ቆሜ አዳምጣለሁ፦
ቁልፉ ቀዳዳውን ይስታል፣ ብረቱን ይፍቃል፣
አንድ ስድብ፣ ጥርት ያለ፣
እንደገና፣
ቀጭ።

ሃምሳ አራቱን ደረጃ የምወርደው
ከዚያ በኋላ ነው።