የተቀያሪዎች ወንበር

መጀመሪያ የሄደው የዘርይሁን ቁርጭምጭሚት ነበር፤
ጃንሜዳ ላይ፣ ከዝናብ ማግስት፣ ጭቃው እግሩን ይዞ ሲያስቀር
ገላው ብቻውን ዞረ።
ከመስመር ውጪ ቆሜ ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ።

ወጌሻ ነኝ። ሥራዬ መሮጥ ነው፣ ሰው ሲወድቅ፤
በረዶ በፌስታል፣ ፋሻ፣ ቅባት፣ ውሸትም ትንሽ የሚያስቅ፤
«ምንም አልሆንክም» እላለሁ፣ ጣቴ እውነቱን እያወቀ፤
በሦስተኛው እሁድ ግን በረዶዬም ውሸቴም አለቀ።

የፉአድ ጉልበት በሚቀጥለው ሳምንት፤
የምንተስኖት ብሽሽት፣ ገና ሲያሟሙቅ፣ ያለ አንዳች ግጭት፤
በረኛችን ሽመክት፣ ጣቱን በር ተዘግቶበት፣
ያውም የሚኒባስ በር፣ አራት ኪሎ ሲወርድ፣ ለልምምድ የመጣ ዕለት።

የጋሽ ውብሸት ደብተር ስርዝ በስርዝ ሆነ።
«ማን ቀረን?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን ነክሶ።
ወንበሩን አየሁት።
ወንበሩም አየኝ መልሶ።

ይህ ወንበር፣
ካዛንቺስ ሲፈርስ ከጠጅ ቤት ፍርስራሽ ያወጣነው፣
አራት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ስድስት የምንቀመጥበት ነው።
ሰፈሩ የለም፤ ሰዉ ገላን ጉራ፣ አራብሳ ተበትኗል፤
ወንበሩ ብቻ እሁድ እሁድ በጋሪ ተጭኖ ይመጣል።

ክንዴ እዚያ ላይ ሦስት ክረምት ሞልቶታል፤
የታክሲ ረዳት ነው፤ ድምፁ ከእግሩ ይቀድማል፤
የጫማውን ክር ግን እስከ መጨረሻዋ ቀዳዳ ይስባል፣
ማንም እንደማይጠራው እያወቀ፣ ያስርና ይፈታል።
ረዘነ አለ፣ ስታዲየም ዙሪያ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ፣
ከዝምታው ብዛት ቆጥ ላይ እንደተረሳ ዕቃ የሚቀመጥ።
መህዲ፣ ገና አሥራ ሰባት፣ ለእናቱ «ቤተ መጻሕፍት ነኝ» ብሎ የሚመጣ፤
ትልቁ ኢዮሲያስ፣ በአርባ ዓመቱ፣ ሆዱ ከማልያው የወጣ።

እንግዲህ እነዚህን ነው ያስገባነው፣ አምስት እሁድ ሙሉ።
ተመልካቹ ሳቀ፤ እኔም አልዋሽም፣ ሳቅሁ እንደ ሁሉ።
የመጀመሪያውን አራት ለዜሮ ተሸነፍን፤
ሁለተኛውን ሁለት ለአንድ፤ አንዷን ማን እንዳገባት ሳናውቅ ተቃቀፍን።

ሦስተኛው ላይ ግን፣
ያ የእነሱ ክንፍ፣ ተከላካይ ሁሉ የሚያስጨፍር፣
ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ቀኝ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፣ ጥቂት፣ እንደሚያፍር።
ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ኳስ ነው የሚያየው፤
ክንዴ ከወንበር ሆኖ ሦስት ክረምት ትከሻ ነው ያጠናው።
ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሳይል፣ ከአንገቱ አኳኋን ለይቶ
በሩን እንደሚከፍተው፣ ቀድሞ ቆመ፣ መንገዱን ዘግቶ።
ኳሱን ነጠቀ። ከዚያ ግን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው፤
በሙሉ ኃይሉ ወደ ውጪ፣ ወደ ፈረሶቹ ለጋው።

ዜሮ ለዜሮ። አንድ ነጥብ፣ ለስንት ሰው ተካፈልን!
ጋሽ ውብሸት ሳምቡሳ ገዛ፤ አነሰ፤ ከሁለት ከሁለት ከፈልን።

ተአምር አልነበረም። በማግስቱ እሁድ ሦስት ገባብን፤
ኢዮሲያስ ትንፋሽ አጥሮት ሃያ ደቂቃ ሣሩ ላይ ተኛብን።

ሠላሳ ዓመት ሰው አሽቻለሁ፤ የተቀያሪ እግር ግን አላውቅም ነበር፤
ያልሮጠ አይታሽማ። ያልተጋጨ የት ይሰበር?
የክንዴን ባት በዚያ ወር ነው መጀመሪያ የያዝኩት፤
እንደ ድንጋይ ነበር።
ቁጭ ብሎ ሲነሳ፣ ሲነሳ የኖረበት።

ፉአድ በስድስተኛው ሳምንት መጣ፣ ጉልበቱ እንደታሰረ፤
ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ የት እንደሚቀመጥ ዞረ።
ክንዴ ሊገባ ነበር፣ አንድ እግሩ መስመር ላይ፤ ተመለሰ፤
የእንጨቱን ጫፍ በመዳፉ ደባበሰ፤
«እዚህ ጋ ሚስማር አለ፣ ወደዚያ ጠጋ በል» አለው፤
ማልያውን ቁምጣው ውስጥ ከተተና ሮጠ፣ ዳኛው እየጠራው።