የመግቢያ ዋጋ

ከበሩ ላይ ቆመን ቲኬት ስንቆርጥ፣
ዝናቡ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ሲናጥ።
ኩሱማላታ ናት አስጎብኚያችን፣
ደረቅ ሳሙና አሸች በየካልሲያችን፤
«አልቅት ነው» አለችን፣ «ሳሙና ይጠላል፤
ግን የራበው ለታ እሱንም ያልፋል።»

ከመዝገቡ አጠገብ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣
በሦስት ቋንቋ ተጽፎ አንድ ነገር ይላል፦
ቅጠል፣ ፍሬ፣ ድንጋይ፣ ላባም ቢሆን ወድቆ፣
ማንም እንዳይወጣ በኪሱ ደብቆ።

ሲንሃራጃ ስሙ፣ ፍቺው ንጉሥ አንበሳ፤
«እሱስ ወዴት አለ?» ብዬ ነገር ባነሳ፣
«ስም ነው» አለች፣ «ስም ነው፤ አያቴም አላየው፤
ዘውድ እንጂ ጭንቅላት ኖሮት አያውቅ፣ ይኸው።»

ገባን።

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ለጫካ የማይሆን፣
ሁለት መኪና ያሳልፋል ጎን ለጎን፤
ሙጃ ቢውጠውም ከዳር እስከ ዳሩ፣
ጎማ ያረሰው ቦይ ዛሬም አለ ከሥሩ፣
ውሃ አቁሮ፣ እንቁራሪት አሳድሮ።

«አባቴ ነው» አለች፣ ቦዩን እያሳየች።
«ጂናዳሳ ይባላል። ትራክተር ነጂ ነበር።
እዚህ ነው የሠራ፣
እኔ ሳልወለድ፣ ከጓዶቹ ጋራ፤
ግንድ ይጎትት ነበር፣ በቀን አሥራ አምስት፣
እንደ ሽንኩርት ሊላጥ ለኮምፔንሳቶ ቤት።
ኋላ ተከለከለ። ትራክተሩ ሄደ።
አባቴ ግን ቀረ፣ ዝምታ ለመደ።
ማታ ማታ ብቻ፣ እኛ ተኝተናል ሲል፣
ይሰማኝ ነበረ ጨለማ ውስጥ ሲያሰላስል፦
አንድ ሆራ፣ ሁለት ዱን፣ ሦስት ናዋዳ...
እንደሚያሰላ ሰው የማይከፈል ዕዳ።»

ሌላ ምንም አላለች። ወደፊት ሄደች።

አንድ ሰዓት ተጓዝን። ጠብታ ብቻ ነው።
ከኮሎምቦ የመጣው ባለ ካሜራው፣
መሣሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ አቅፎ፣
«ወፉ የታል?» አለ፣ ፊቱ ተኮሳትሮ ከፍቶ።
«ቆይ» አለች፣ «ይህ ደን ባዶ ነው ሁልጊዜ፣
ሞልቶ እስኪገኝ ድረስ።»

ያኔ አንድ ጥቁር ወፍ፣ ጭራው ሹካ መሳይ፣
ሹል ፉጨት ለቀቀ ከቅርንጫፉ ላይ።
እንደ አዋጅ ነጋሪ ደግሞ ሲጣራ፣
ጫካው ተንቀሳቀሰ ከቀኝ ከግራ፤
ብርቱካን ምንቃሮች በመንጋ፣ በጫጫታ፣
አመዳም ራሶች ቅጠል ሲገለብጡ በእርጋታ፣
አንድ ሰማያዊ፣ እግሩ ቀይ፣ ዓይኑ ቀይ፣
(ካሜራው ከላስቲኩ አልወጣም፣ ወይ! ወይ!)
ከሥራቸው ደግሞ ድመት የሚያህል ሽኮኮ፣
የወደቀ ፍሬ ሊለቅም ተልኮ።
ሁሉም በየፎቁ፣ ሁሉም በየጓዳው፣
አንዱ ያባረረውን ትል ሌላው ሲቀልበው።

«ያ ጥቁሩ» አለች በሹክሹክታ፣ «ቀጣፊ ነው።
ጭልፊት መጣ ብሎ ይጮሃል በሐሰት፤
እነሱ ሲበረግጉ የጣሉትን ይበላል።»
«ታዲያ ለምን ይከተሉታል?» አልኳት።
ትከሻዋን ሰበቀች።
«እውነተኛው ጭልፊት ሲመጣም
ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነዋ።»

አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አለፉ።
ጫካው ተመለሰ ወደ ጠብታው፣ ወደ እንቅልፉ።

በሩ ጋ ስንደርስ ጫማዬን አስወለቀች፤
ከቁርጭምጭሚቴ አንዱን ፈልጋ አገኘች፣
ወይን ፍሬ አክሏል፣ ጠግቦ አንቀላፍቷል።
ልረግጠው ስነሳ እጄን ያዝ አደረገች፣
በጥፍሯ አላቀቀችው፣ አሥር እርምጃ ተመለሰች፣
ከእርጥብ ቅጠል ላይ አስተኛችው።
«ይህም የደኑ ነው» አለች፣ «አይወጣም።»
ባለ ካሜራው ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም፤ ሆዱ ውስጥ የተኛው
የእኔ ነበርና።

አውቶቡሱ ወረደ በሻይ ተክል መሐል፣
ቁስሉ አልደረቀም፣ ካልሲዬ ቀልቷል።
ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ርሶ ተበጣጥሷል።
መስኮቱን በክንዴ ወልውዬ፣
«አንድ ሆራ» አልኩኝ፣ ቆጠራ ጀምሬ።
ሁለተኛ የለም።
ሻይ ነው፣ ሻይ ነው፣ ሻይ ነው፣
ተረከዜ ሥር ሙቅ ደም።