ወጌሻ በዐጅማን

ሐምሌ ነው። ፀሐይ ገብታለች፤ አሸዋው ግን አልሰማ፣
ካርቶን ላይ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ከሕንፃው ኋላ፣ በጨለማ፤
የኮሮላዋ ግራ እግር በጉልዛር ክሪክ ተንጠልጥሎ፣
ጎማው አጠገቤ ተጋድሞ፣ እንደ ጎረቤት ተደላድሎ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጉብታ በተሻገርን ቁጥር ‹ቋ› ስትል
ሬዲዮ ጨመርሁ እንጂ ወርጄ መች አየሁ፤
ጋራዡ አራት መቶ ድርሃም ሲለኝ
የእህቴን ልጅ ደብተር አሰብሁና ተመለስሁ።

ዳዶው እሺ አለ። ሾጣጣው አንገት ግን ነክሶ ያዘ፣
አሥር ጊዜ በመዶሻ መታሁት፤ ላብ ዓይኔ ገባ፣ ክንዴ ፈዘዘ።
‹‹ቀስ! ሰው ተኝቷል›› ትላለች ዘይነባ፣ ስልኳን እያበራች፤
በአሥራ አንደኛው ድው ብላ ተላቀቀች።

አሮጌዋን ቦል ጆይንት በመዳፌ ይዤ ነቀነቅኋት፦
ኳሷ እንደሚነቀል የልጅ ጥርስ ትወዛወዛለች፤
ላስቲኳ ተቀዶ፣ ግራሶዋን አሸዋ ልሶባት።

አባቴ ወረኢሉ ላይ ወጌሻ ነበር።
ወለም ያለ ትከሻ በቅቤ አሽቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
‹‹በሬው ስንት አወጣ?›› እያለ በሽተኛውን ሲያዋራ
ድንገት፣ ቀጭ!
‹‹ይሄም ሥራ ሆኖ!›› ብዬ ነበር
ጥዬው የመጣሁት።

አዲሷን በጣቴ እየዳሰስሁ ሳስገባ
ለካ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።
‹‹በሬው ስንት አወጣ?›› አልኋት፣ ኮሮላዋን።
ዘይነባ ሳቀች፤ መብራቱ ተንቀጠቀጠ፤
ቀጭ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ጉብታውን ወጣን፣ ወረድን።
ዝም።
ግራዋ ዝም ስትል ጊዜ
ቀኟ፣ ተራ ስትጠብቅ የኖረችው፣
‹ቋ› አለች።

ዘይነባ እጇን ሰደደችና
ሬዲዮውን ጨመረች።